የኅዳር በሽታና የኅዳር ጢስ፤ ፍርሀት ወደ ልማድ ስለ ተለወጠበት መንገድ

በአዲስ አበባ ከተማ በያመቱ ኅዳር 12 ቀን፣ የቅዱስ ሚካኤል በዓል በሚውልበት ዕለት፣ ነዋሪው ቤቱንና ግቢውን ጠርጎ፣ ያከማቸውን ጥራጊና የደረቀ ቅጠል ከደጁ አውጥቶ በእሳት ያቃጥላል። ጢሱም ከየሰፈሩ እየተነሣ ከተማውን እንደ ጉም ይሸፍነዋል። ይህ ልማድ «ኅዳር ሲታጠን» ይባላል። ልጆች በእሳቱ ዙሪያ ይጫወታሉ፤ ሽማግሌዎች ግን ምክንያቱን የሚጠይቃቸው ሲገኝ «በሽታውን ለማስወጣት ነው» ብለው ይመልሳሉ። የትኛውን በሽታ እንደ ኾነ ሲጠየቁም የ1911 ዓ.ም.ን የኅዳር በሽታ ይጠቅሳሉ።

ስለዚሁ በሽታ ቀደም ብለው የጻፉ አሉ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተባለው መጽሐፋቸው ራሳቸው በጽኑ ታመው እንደ ተረፉና በአዲስ አበባ ከ10,000 በላይ ሰው እንደ ሞተ ገልጸዋል። መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስም በትዝታ መጽሐፋቸው ጊዜውን አንሥተውታል። ሪቻርድ ፓንክረስት ደግሞ በ1975 እ.ኤ.አ. ስለ ኅዳር በሽታ ራሱን የቻለ ጥናት አሳትመዋል። እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ አሳብ እነርሱ የተረኩትን ደግሞ ለመተረክ አይደለም። ለመመርመር የምንፈልገው ይህን ነው፤ ሕዝቡ በዚያ ጊዜ የፈራው ምንን ነበር? ራሱን ከተላላፊ በሽታ ለመጠበቅ ከአባቶቹ የተቀበለው ሥርዐት ምን ይመስል ነበር? ያ ሥርዐት በ1911 ዓ.ም. ሳይረዳው የቀረው ስለ ምን ነው? ከዚያስ ኹሉ ፍርሀት በልማድ ውስጥ የተረፈው ምንድን ነው? በጽሑፉ ውስጥ «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቈጣጠር የተጻፉ መኾናቸውን አንባቢው ልብ እንዲል እናሳስባለን።

ስለ በሽታው ስም

አማርኛ ተላላፊ በሽታን የሚጠራባቸው ቃላት የሕዝቡን አስተያየት ያስረዳሉ። «ወረርሽኝ» የሚለው ቃል «ወረረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ስለ ኾነ በሽታውን አገር እንደሚወር ጠላት አድርጎ ያሳያል። «ተስቦ» የ«ተሳበ» ዘመድ ነው፤ በሽታው ከሰው ወደ ሰው፣ ከቤት ወደ ቤት እየተሳበ የሚሄድ መኾኑን ያመለክታል። «ንዳድ» ከ«ነደደ» መጥቶ የትኩሳቱን እሳትነት ይናገራል። «ቸነፈር» የተባለው ቃል ደግሞ መጻሕፍትን በሚያነብ ሰው ዘንድ ከፈጣሪ የሚመጣ ቅጣት የሚል ትርጓሜ አዝሏል።

የኅዳር በሽታ ግን ከእነዚህ ይለያል። ስሙን ያገኘው ከጠባዩም ከምልክቱም ሳይኾን ከገደለበት ወር ነው። በአውሮፓ ይኸው በሽታ «የእስፓኝ ኢንፍሉዌንዛ» ተባለ፤ ከእስፓኝ የተነሣ ስለ ኾነ ግን አይደለም። እስፓኝ በጦርነቱ ውስጥ ስላልነበረች ጋዜጦችዋ ስለ በሽታው ያለ ከልካይ በመጻፋቸው በሽታው የእርስዋ መሰለ። አውሮፓውያን በሽታውን በሌላ አገር ስም ሲጠሩት የኢትዮጵያ ሰው በወር ስም ጠራው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በባዕድ አገር ስም የተጠራ በሽታ ሲያልፍ ከነስሙ ወደ ሩቅ ይሸኛል፤ በወር ስም የተጠራ በሽታ ግን ወሩ በተመለሰ ቍጥር አብሮ ይታወሳል። «ኅዳር ሲታጠን» የተባለው ልማድ በየዓመቱ የሚመለስ የኾነበት አንዱ ምክንያት ከዚሁ ከስሙ ይገኛል።

የቀድሞው የመጠበቂያ ሥርዐት

የኢትዮጵያ ሕዝብ ከ1911 ዓ.ም. በፊት ወረርሽኝን ያለ መከላከያ ይቀበል ነበር ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። ቢያንስ አራት የታወቁ ዘዴዎች ነበሩት።

አንደኛው ሽሽት ነው። በ1858 ዓ.ም. በጣና ዳር በቆራጣ በነበረው የዐፄ ቴዎድሮስ ሰፈር ኮሌራ በገባ ጊዜ ንጉሡ ሰፈሩን ነቅለው ወደ ደጋው ወጥተዋል። በዚያ ጊዜ በምርኮ ከነበሩት አንዱ ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክ ይህንኑ ጽፎታል። ቆላን ለቆ ደጋን መያዝ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የሠራዊትና የባላገር ደንብ ነበር። ሁለተኛው መለየት ነው። ፈንጣጣ የገባበት ቤት ይለያል፤ ፈንጣጣ ወጥቶለት የዳነ ሰው ሁለተኛ እንደማይያዝ በልምድ ይታወቅ ስለ ነበር ሕመምተኛውን የሚያስታምመው ፊቱ ጠባሳ ያለበት ሰው ይኾን ነበር።

ሦስተኛው ክትባት ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ፣ ሰዎች ከፈንጣጣ ሕመምተኛ ቍስል መግል ወስደው በጤነኛ ሰው ክንድ ላይ በተበጣ ስፍራ እንደሚያኖሩ አይቶ ጽፏል። የቃሉም ታሪክ ሊታሰብበት ይገባል። «ክትባት» እና «ክታብ» ኹለቱም «ከተበ»፣ ማለት ጻፈ፣ ከሚለው አንድ ግሥ ወጥተዋል። አንዱ በቆዳ ላይ፣ ሌላው በብራና ላይ ይጻፋል፤ የኹለቱም ዓላማ ክፉውን ነገር አስቀድሞ መከልከል ነው። አራተኛው ማጠን ነው፤ ስለዚህ ግን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

እነዚህ ዘዴዎች ኹሉ አንድ የጋራ መሠረት አላቸው። በሽታው የሚታወቅ ስፍራ ወይም የሚታይ መልክ እንዳለው ያምናሉ። የፈንጣጣ ሕመምተኛ ከፊቱ ይታወቃል፤ ንዳድ የሚይዝበት ቆላ ይታወቃል፤ ኮሌራ የገባበት ሰፈርም ይታወቃል። ስለዚህ መሸሽም መለየትም ይቻላል። የኅዳር በሽታ የመጣው ይህ መሠረት በማይጸናበት መንገድ ነው።

የ1911 ዓ.ም. ኹኔታ

በሽታው በገባበት ጊዜ የአገሩ አስተዳደር ደካማ ነበር። የሰገሌ ጦርነት ከተደረገ ገና ሁለት ዓመት መኾኑ ነው። በ1910 ዓ.ም. በመጋቢት ወር ደግሞ የመሐል ሰፋሪ ሠራዊት ባነሣው ጥያቄ ከፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በቀር ሚኒስትሮቹ ከሥራቸው ተሰናብተው ነበር። ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ በዙፋን ላይ ነበሩ፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ደግሞ ከላይ እንደ ተጠቀሰው ራሳቸው ታመሙ። ራሱን የቻለ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በአገሩ የተቋቋመው ከዚያ ሠላሳ ዓመት ያኽል ቈይቶ ነው። በከተማው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልና ጥቂት የውጭ አገር ሐኪሞች ነበሩ፤ በሽታውም ሐኪም ከሕመምተኛ አልለየም።

በሌላ በኩል ከተማው ከዓለም ጋራ ያለው ግንኙነት ከምንጊዜውም የቀረበ ኾኖ ነበር። የጅቡቲው ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደርሷል። ቀድሞ በበቅሎና በግመል ከወደብ ወደ ደጋ ለመውጣት ብዙ ሳምንታት ያስፈልጉ ስለ ነበር በመንገድ ላይ የታመመ ሰው ከከተማው ሳይደርስ ወይ ይድናል ወይ ይሞታል። ርቀቱ ራሱ እንደ ኬላ ያገለግል ነበር ማለት ነው። ኢንፍሉዌንዛ ከተያዙበት ቀን አንሥቶ ምልክቱን ለማሳየት ከአንድ እስከ አራት ቀን ብቻ ይወስድበታል፤ ባቡሩ ይህን የርቀት ኬላ አፈረሰው። ታላቁ ጦርነት ኅዳር 2 ቀን 1911 ዓ.ም. ሲቆም በአዲስ አበባ የሞት ወር ገና መጀመሩ ነበር።

በዓለም ኹሉ ከዚሁ በሽታ የተነሣ በትንሹ 50 ሚሊዮን ያኽል ሰው እንደ ሞተ ይገመታል። በሽታው ከሌላው ጊዜ ኢንፍሉዌንዛ የሚለይበት አንድ ክፉ ጠባይ ነበረው፤ ሕፃናትንና ሽማግሌዎችን ብቻ ሳይኾን ከ20 እስከ 40 ዓመት ያሉትን ጠንካሮች በብዛት ገደለ። አነሣሡ ግን እንደ ጉንፋን ነው። ጉንፋን ማንም የሚያውቀው፣ ማንም የማይፈራው፣ ማንም የማይሸሸው ሕመም ነው። እንግዲህ በጉንፋን መልክ የመጣ ሞት ከየት ተለይቶ ይሸሻል? የአውሮፓም ሐኪሞች ቢኾኑ ከዚህ የተሻለ ዕውቀት እንዳልነበራቸው መዘንጋት አይገባም። የበሽታው ምክንያት የኾነው ቫይረስ ከሰው ተወስዶ በምርመራ የታወቀው በ1933 እ.ኤ.አ. ነው።

ኹለቱ ፍርሀቶች

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንቀርባለን። በሽታውን መፍራት አንድ ነገር ነው፤ በዚያ ዘመን ግን ከዚህ ጋራ የሚተካከል፣ ምናልባትም የሚበልጥ ሌላ ፍርሀት ነበር። እርሱም ያለ ጠያቂ መታመም፣ ያለ ቀባሪ መሞት ነው። «ቀባሪ አያሳጣህ» የሚለው ምርቃት የዚህን ፍርሀት ጥልቀት ያሳያል። የሚመረቀው ሰው እንዳይሞት ሳይኾን ሲሞት የሚያነሣው እንዳያጣ ነው።

ይህን ሁለተኛውን ፍርሀት የሚያስወግዱት የጉርብትና ደንቦች የታወቁ ናቸው። ሰው ሲታመም ዘመድና ጎረቤት መጥቶ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጦ «እግዜር ይማርህ» ይላል። ሲሞት ሬሳው ይታጠባል፣ ይገነዛል፤ ካህናት ፍትሐት ያደርሳሉ፤ ሕዝቡ ተሰብስቦ ያለቅሳል፤ ተሸክሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወስዳል። ከቀብር መልስም በኀዘንተኛው ቤት ተቀምጦ ያጽናናል፤ እስከ ሣልስትና ከዚያም በላይ ይመላለሳል። ከእነዚህ አንዱን ያጓደለ ሰው ሰው አይባልም።

ኢንፍሉዌንዛ የሚተላለፈው ግን በትንፋሽ፣ በሳልና በቅርበት ነው። ስለዚህ እነዚህን ደንቦች አንድ በአንድ ብንመረምራቸው እያንዳንዱ የበሽታው መንገድ ኾኖ እናገኘዋለን። ሕመምተኛውን ለመጠየቅ የተቀመጠ ጎረቤት ትንፋሹን ይካፈላል፤ የሚገንዘውና የሚያለቅሰው እርስ በርሱ ይጠጋል፤ የልቅሶ ቤት ሕዝብን በአንድ ጣራ ሥር ያከማቻል። የቀድሞው የመጠበቂያ ሥርዐት «የታመመውን ተለየው» ሲል፣ የጉርብትና ሥርዐት «የታመመውን አትለየው» ይል ነበር። በፈንጣጣ ጊዜ እነዚህ ኹለቱ በጠባሳው አስታማሚ አማካይነት ይታረቁ ነበር። በኅዳር በሽታ ጊዜ አስታራቂ አልተገኘም።

የኾነውም የታወቀ ነው። በብዙ ቤት አስታማሚው ከታማሚው ጋራ አንድነት ወደቀ። የሚሞቱት ጕልበት ያላቸው በመኾናቸው መቃብር የሚቈፍርና ሬሳ የሚሸከም ጠፋ። በአንድ ጕድጓድ ብዙ ሬሳ የተቀበረበት፣ ከነጭራሹም ሳይቀበር የቀረበት ጊዜ ነበር። ወሩ የመከር ወር ስለ ነበረም የሞተው ሰው እህሉን ላጭዶ ለወቂያ የሚያስፈልግ ሰው ነበር። ጎረቤት ከጎረቤቱ ደጅ ሲርቅ ፈሪ ተባለ፤ ሲቀርብም ሞተ። ከሞት የተረፈው ሰው ያተረፈው ሕይወቱን ብቻ ሳይኾን ሳይቀብረው የቀረውን ወዳጁን ሐዘን ጭምር ነው። እንግዲህ የኅዳር በሽታ በሕዝቡ አእምሮ ከሌሎቹ ወረርሽኞች ተለይቶ የተተከለው በሟቾቹ ብዛት ብቻ አይመስለንም፤ ሰው ለሰው ማድረግ የሚገባውን እንዳያደርግ ስለ ከለከለ ነው።

በዚያው ወር በሌላ የዓለም ዳርቻ የኾነውን ማስተያየት ለዚህ ነገር ብርሃን ይሰጣል። በሰላማዊ ውቅያኖስ ባሉት የሳሞአ ደሴቶች ባንደኛው ክፍል፣ በምዕራብ ሳሞአ፣ ጥቅምት 28 ቀን 1911 ዓ.ም. ታሉን የተባለች መርከብ ሕመምተኞች ይዛ ስትገባ አልተከለከለችም፤ ከሕዝቡ ከአምስት ሰው አንዱ ያኽል አለቀ። በአሜሪካ አስተዳደር ሥር በነበረው በሁለተኛው ክፍል ግን ገዢው ጆን ፖየር መርከቦችን በኬላ ስላስቆመ በበሽታው አንድም ሰው አልሞተም። ከዚህ የምንረዳው መለየት ራሱ ከንቱ ዘዴ አለመኾኑን ነው። ነገር ግን መለየት የሚጠቅመው በሽታው ከደጅ ሳለ፣ በመንግሥት ሥልጣን ሲፈጸም ነው። በሽታው ከቤት ከገባ በኋላ የመለየት ሸክም በእያንዳንዱ ሰው ሕሊና ላይ ይወድቃል፤ እናት ልጅዋን፣ ወንድም ወንድሙን እንዲለይ ይጠየቃል። በአዲስ አበባ የኾነው ይህ ሁለተኛው ነው።

ስለ ጢሱ

ሕዝቡ በመጨረሻ ለመታሰቢያ የመረጠው ከአራቱ ዘዴዎች ማጠንን ነው። ስለ ምን?

ማጠን በኢትዮጵያ ቤት ውስጥ የዕለት ተግባር ነው። የወተት ዕቃ በወይራ ጢስ ይታጠናል፤ የአራስ ቤት ይታጠናል፤ ቡና ሲፈላ ዕጣን ይጨሳል፤ በቤተ ክርስቲያን ካህኑ ማዕጠንቱን ይዞ ሕዝቡን ያጥናል። በዚህ ኹሉ ውስጥ ጢስ የሚያመለክተው መንጻትንና መባረክን ነው። ክፉ አየር በሽታን ያመጣል፣ እሳትና ጢስም ያጠራዋል የሚለው አሳብ የእኛ ብቻ አይደለም፤ በ1665 እ.ኤ.አ. በለንደን ታላቅ ወረርሽኝ በገባ ጊዜ የከተማው ሹማምንት በየመንገዱ እሳት እንዲነድ አዝዘው ነበር። የወሩም ጠባይ ሊታሰብ ይገባል። ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ዝናሙ አቍሞ ውሃው የሚያቍርበት፣ በቆላ ንዳድ የሚበረታበት ወቅት ስለ ኾነ ሕዝቡ ከበሽታው በፊትም በዚህ ወቅት ይሠጋ ነበር። በዓሉ ደግሞ ስለ ሰው የሚለምን የምሕረት መልአክ የሚባለው የቅዱስ ሚካኤል በዓል ነው።

እነዚህ ኹሉ ምክንያቶች እውነት ናቸው፤ ይሁን እንጂ ከእነርሱ በላይ የልማዱን አፈጻጸም መመልከት ያስፈልጋል። ኅዳር ሲታጠን እያንዳንዱ ቤተ ሰብ የራሱን ጥራጊ ከራሱ ደጅ ያነዳል። የጎረቤቱን ጢስ ያያል፤ ጎረቤቱም የእርሱን ያያል። ማንም ግን ወደ ማንም ቤት አይገባም። ድግስ የለበትም፤ ጠሪና ተጠሪም የለበትም። በኢትዮጵያ ልማድ ውስጥ ሕዝብ ኹሉ ባንድ ቀን ተባብሮ፣ ሳይሰበሰብ የሚፈጽመው ሥራ እጅግ ጥቂት ነው። እንደሚመስለን የልማዱ ምስጢር በዚህ ላይ ነው። በ1911 ዓ.ም. መቅረብ ሞት፣ መራቅም ነውር ኾኖ ነበር። ጢሱ ሳይቀርቡ አብሮ መኾን የሚቻልበትን መልክ ሰጠ። ከሩቅ የታየ ጢስ «እኛ በዚህ አለን፤ ቤታችን አልተዘጋም» እንደ ማለት ነው።

ነገር ግን ልማድ የሚያስታውሰውን ያኽል የሚረሳው አለ። ጥራጊን ማስወገድ ለዝንብና ለአይጥ መከላከያ ይረዳል፤ በትንፋሽ የሚተላለፈውን በሽታ ግን አያቆመውም። ይልቁንም ጢሱ የሚጎዳው የኅዳር በሽታ የመታውን ብልት፣ ሳንባን ነው። በቅርብ ዓመታት ጥራጊው ይጠረግ እንጂ አይቃጠል የሚል ምክር መሰማቱም ስለዚህ ነው። ልማዱ ፍርሀቱን ጠብቆ አቈይቷል፤ በሽታው በምን መንገድ እንደ መጣ ግን አላቈየም። ቆሻሻው ተከሰሰ፤ ትንፋሹና ጕባኤው ተረሱ።

ከ101 ዓመት በኋላ

ይህ መርሳት ዋጋ እንዳለው የታየው በ2012 ዓ.ም. ነው። መጋቢት 4 ቀን በአገሩ የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ተገለጸ፤ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ዐዋጁን ለማስፈጸም የወጣው ደንብ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ከለከለ፤ በእጅ ተጨባብጦ ሰላምታ መለዋወጥንም ከለከለ። መንግሥት ስለ ሰላምታ ደንብ ለማውጣት የተገደደበት ጊዜ ለባህል ተመራማሪ ልዩ ትምህርት አለው። ሕጉ የነካው ያንኑ የጉርብትናን ሥርዐት ነውና።

በዚህም ጊዜ ሁለተኛው ፍርሀት እንደ ቀድሞው ብርቱ ኾኖ ታየ። ብዙ ሰው በሽታውን ከመፍራት ይልቅ ልቅሶ አለመድረስን ፈራ። ጭንብል ማድረግንና እጅ መታጠብን ሕዝቡ በቶሎ ተቀበለ፤ እነዚህ ከሰው አይለዩምና። ከኀዘንተኛ ቤት መቅረትን ግን በጭንቅ ተቀበለ፤ ብዙዎችም አልተቀበሉትም። ይህን ካለማወቅ ብቻ የመጣ አድርጎ መቍጠር ትክክል አይደለም። ሰው ከኹለት ክፉ ነገሮች መካከል ይመርጣል፤ የጤና ሹማምንት ብዙ ጊዜ የሚቈጥሩት አንዱን ብቻ ነው።

ከዚህ ኹሉ የምናገኘው ፍርድ ይህ ነው። የመጠበቂያ ደንብ ሰውን ከሰው ሲለይ በተለየው ቅርበት ፈንታ የሚተካ ነገር ካላዘጋጀ ሕዝቡ ወይ ደንቡን ይጥሳል፣ ወይ ደንቡን ፈጽሞ በሕሊናው ይቈስላል። በ1911 ዓ.ም. የሚተካ ነገር ያዘጋጀ አልነበረም፤ ሕዝቡ ራሱ ዘግይቶ ከጥራጊና ከእሳት አበጀው። እንዲህ ያለውን ምትክ አስቀድሞ ማበጀት፣ ማለት ኀዘንተኛን ከሩቅ የሚያጽናኑበትን፣ ሟችን በጥቂት ሰው አክብረው የሚቀብሩበትን ሥርዐት ከካህናት፣ ከሼሆችና ከዕድር ዳኞች ጋራ ተመካክሮ ማዘጋጀት፣ ከመድኀኒት ዝግጅት ያነሰ ሥራ አይደለም።

ለተማሪዎችም የሚቀር ሥራ አለ። የ1911 ዓ.ም.ን ኅዳር በዐይኑ ያየ ምስክር ዛሬ አይገኝም፤ ከአያቶቹ የሰማ ግን በየሰፈሩ አለ። የ2012 ዓ.ም. ምስክሮች ኹላችንም ነን። በዚያ ዓመት ያልተለቀሰላቸው ሙታን እንዴት እንደ ተለቀሰላቸው፣ ዕድሮች ደንባቸውን እንዴት እንደ ለወጡ፣ ሰው ከበር ቆሞ ምን እንደ ተናገረ፣ ትዝታው ሳይደበዝዝ ሊጻፍ ይገባዋል። አባቶቻችን ከነበራቸው የጽሕፈት ጕድለት የተነሣ ያ ኹሉ መከራ በጢስ ብቻ ተነገረ። እኛ ግን ብዕሩም ወረቀቱም ሳለን ለልጆቻችን ጢስ ብቻ ብንተው የሚመካኝ ነገር አይኖረንም።